ደክሞናል ማለት የተማርንበት ዓመት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



 

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት የኮሚቴ አባላት ነን። የምታነበው አንዳችን ብትሆንም ቃሉ የሦስታችን ነው፤ የምንናገረው ጥፋትም የሦስታችን ነው። አጀንዳው ላይ የተጻፈው «በችግር ጊዜ ስለ መጽናናት» የሚል ነው። መጀመሪያ ያሰብነው እንደ ሌላው ጊዜ ጥቅስ መርጠን፣ ትንሽ አብራርተን፣ አይዞን ተባብለን ልንጨርስ ነበር። ልንጽፈው ስንቀመጥ ግን እጃችን እምቢ አለን። ዘንድሮ በመካከላችን የሆነውን ዘልለን ስለ መጽናናት ብናወራ፣ ነገሩን የምታውቁት አንገታችሁን ደፍታችሁ መሬት መሬቱን ታያላችሁ። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

የምንናገርላት እህት ፈቅዳልናለች። «ስሜን አትጥሩ፤ ሌላውን ግን ንገሩ፣ ለሌላዋ ይጠቅማታል» ብላናለች። ማን እንደሆነች የምታውቁም እንደማታውቁ ሁኑላት።

ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ናት። እንደ ብዙዎቻችን ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመች ልጆቿን ያሳደገች ናት። ይህን ሥራ በዓይናቸው ላላዩ ወዳጆቻችን ጥቂት እንበል። በአጼ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ለከተማዋ ማገዶ የሆነው ባሕር ዛፍ ተራራውን ሸፍኖታል። ከሥሩ የሚረግፈውን ቅጠልና ቅርንጫፍ ሴቶች ይጠርጋሉ፣ ያስራሉ፣ ከቁመታቸው የሚረዝመውን ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሌሊት ወጥተሽ ረፋድ ላይ ወርደሽ የምትሸጪው ለዚያች ቀን እራት ይሆናል። ጥበቃ ከያዘሽ ደግሞ ሸክሙም ገመዱም ይቀራል፤ የገመዱ መቅረት ከሸክሙ ይልቅ ያስለቅሳል።

እህታችን ከዚህ የወጣችው በቁጠባ ነው። በየሳምንቱ 20 ብር እየቆጠበች ቆይታ ከማኅበሩ ተበደረች፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች፣ ጤፍ አስፈጨች፣ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ማስረከብ ጀመረች። ሁለት ዓመት ጥሩ ሄደላት። እኛም ደስ አለንና ፎቶ አነሳናት፤ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ምጣዷ አጠገብ ቆማ፣ እየሳቀች። ከሥሩም «ከቅጠል ሸክም ወደ እንጀራ ንግድ» ብለን ጻፍንበት። ለረዳቶቻችን በላክነው ሪፖርት ላይ ወጣ፤ እዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይም ተለጠፈ፤ ዞር ብላችሁ ብታዩ አሁንም አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ተነሥታ እንድትናገር የምናደርገው እሷን ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። መብራት እየሄደ እየመጣ የምጣዱ ሽቦ ተቃጠለ፤ አሠራችው፤ ደግሞ ተቃጠለ። እንጀራ የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ፣ ሊጥ ከኮመጠጠ በኋላ መብራት ይመጣል ብሎ አይጠብቅም። የተደፋው ሊጥ ብቻ ስንት ጤፍ ነው! ጤፉም ተወደደ። በዱቤ የወሰዱ ባለ ሱቆች ነገ፣ ከነገ ወዲያ ይሏት ጀመር። በዚሁ መሐል ትልቋ ልጇ ታመመች፤ የቀረችውም ገንዘብ ለመድኃኒትና ለታክሲ አለቀች።

እህታችን ከስብሰባ ቀረች። መተዳደሪያ ደንባችን አንድ ሳምንት የቀረች 5 ብር ትቀጣለች፣ ሦስት ሳምንት በተከታታይ የቀረች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍላታል ይላል። ጻፍንላት። አጻጻፉ ያማረ፣ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ነው። በጎረቤት ልጅ እጅ ላክንላት። ከሦስታችን አንዳችንም ሄደን በሯን አላንኳኳንም። ቤቷ ከዚህ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ለምን አልሄድንም? በዚህ ላይ ብዙ ተነጋግረናል። አንዷ ሌላዋ የሄደች መስሏት ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም ግን አይደለም። ተሳክቶላታል ብለን ጽፈን ነበርና፣ ሳይሳካላት ማግኘቱን አልፈለግነውም። አለማየት ቀለለን።

አንድ ቀን ማለዳ ከመካከላችን አንዷ ኪዳን ልታደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘች። አንዷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ሸክሙ ከወገብ በላይ ይሸፍናል፤ የለየቻት በጫማዋ ነው። የማኅበሩ ሰው እንዳያያት ብላ ዋናውን መንገድ ትታ በጓሮ በኩል ነበር የምትወርደው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ሄድን። ልጇ መደብ ላይ ተኝታለች። በቤቱ ውስጥ የሚቆላ ቡና አልነበረም፤ እህታችን በሌላው ሁሉ ሳታፍር በዚህ አፈረች። እኛም የምንለው ጠፍቶን፣ ሁላችንም የምናውቀውን «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልናት። የመለሰችልን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

«እሱ እንደሚያውቅማ አውቃለሁ። እሱን አልፈራሁትም። የፈራሁት እናንተን ነው። እዚያ ተለጥፌ እየሳቅኩ፣ እንዴት ብዬ መጥቼ ተቸግሬያለሁ ልበላችሁ?»

እህቶቻችን፣ ከዚህ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችን የቁጠባ ደብተር ከመክፈታችን በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትን። ከመካከላችን ታቦት የምትሳለምም አለች፣ ጸሎት ቤት የምትሄድም አለች፤ እዚህ ስንቀመጥ የምናነበው ግን አንድ መጽሐፍ ነው። ያነበብነው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ሁለተኛውን መልእክት ምዕራፍ 11 እና 12 ነው። ሥጋውን የሚወጋ አንድ ነገር ነበረበት። ምን እንደነበረ አልጻፈልንም። ሊቃውንት ዓይኑን ያመው ነበር ይላሉ፣ ስደቱ ነው የሚሉም አሉ። ባለመጻፉ እኛ ደስ ብሎናል፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን እናስገባበታለን። ሦስት ጊዜ እንዲነሣለት ለመነ። አልተነሣለትም። ሕመሙ ባለበት እያለ የሚበቃው ጸጋ እንዳለ ተነገረው።

ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! የምንሰማው ግን እንደሚመቸን አድርገን ነበር፤ ዛሬ ብትደክሚ ነገ ትበረቻለሽ፣ ዛሬ ብታጪ ነገ ታገኛለሽ እያልን። ምዕራፉ እንዲህ አይልም። ነገ ሲያልፍ የምትናገሪው ምስክርነት ስላለሽ ጠብቂ አይልም። ኃይሉ የተሰጠው በድካሙ ውስጥ ነው፤ ድካሙ ካለፈ በኋላ አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ ቆየን። አንዲት እናታችን «እንግዲያውስ እኔ እስካሁን የጠበቅኩት የተሳሳተ በር ላይ ቆሜ ነው» አሉ፤ ሳቅንም፣ አለቀስንም።

ከሁሉ የገረመን ግን ጳውሎስ ስለ ራሱ ምን ብሎ እንደጻፈ ነው። እነዚያ የቆሮንቶስ ሰዎች ሌሎች ሰባኪዎችን አይተው እሱን ንቀውት ነበር። እኛ ብንሆን በዚያን ጊዜ ያቋቋምናቸውን አብያተ ክርስቲያናት ቆጥረን፣ ያማረውን ፎቶ አውጥተን እንልክ ነበር። እሱ የጻፈው መገረፉን፣ መርከብ መሰበሩን፣ መራቡንና መታረዙን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ በደማስቆ ሊይዙት ሲሉ በቅጥሩ መስኮት በቅርጫት ቁልቁል ወርዶ ማምለጡን ጻፈ። እስቲ አስቡት፣ ትልቅ ሐዋርያ እንደ ዕቃ በቅርጫት ሲወርድ! እኛ ጸሐፊዎቹ ብንሆን ይህን ያለ ጥርጥር ከሪፖርቱ እናወጣው ነበር።

ሌላው ያነበብነው የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ነው፣ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ነው ይህ የሆነው፤ ከዚያ በላይ «የተሳካለት» ሰው አይገኝም። ኤልዛቤል ስትዝትበት ሸሸ፤ በረሃ ገባ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲሞት ለመነ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ዛፉ ክትክታ ተብሏል። ክትክታን ቅጠል የለቀምን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጥላው ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። እዚያ ተኛ።

መልአኩ መጥቶ ያደረገውን ልብ በሉ። አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ፣ ትናንት እሳት ያወረድከው አንተ አይደለህም ወይ አላለውም። ምክርም አልሰጠውም። ቀሰቀሰውና ብላ አለው። በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። ኤልያስ በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ይህንንም አልተቆጣም፤ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰውና አበላው፤ መንገዱ ሩቅ እንደሆነም የተነገረው ያኔ ነው።

እኛ ጋጋሪዎች ነን። በልጅነት እናታችን ከሊጡ ማብቂያ እንጎቻ ጋግራ እጃችን ላይ ስታስቀምጥልን የተሰማንን እናውቃለን። ከሰማይ የተላከ መልአክ ሥራው ይህ ከነበረ፣ እኛ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ስንልክ የማንን ሥራ ስንሠራ ነበር?

ስለ ኢዮብ ወዳጆችም ተነሥቶ ነበር። እነሱን ሁላችንም እናማቸዋለን። ግን መጀመሪያ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ይህን መቀመጥ እኛ አናውቅም አይባልም። ሰው ሲሞትብን እድር ድንኳን ይተክላል፣ ለቅሶ ቤት አብረን እንቀመጣለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አናሳድርም። ለሞት ድንኳን አለን። ምጣዷ ለተቃጠለባት፣ ብድር ለከበዳት፣ ልጇ ከዓረብ አገር ታማ ለተመለሰችባት ግን ድንኳን የለንም። እሷ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች፤ እኛም «ደህና ናት፣ ቀበጥ ብላ ነው የቀረችው» እንላለን።

ስለ ድካምና ስለ ብርታት ሲነሣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የምናከብራት ሴት አለች። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በወሊድ ጊዜ በፊስቱላ የተጎዱ ሴቶችን ማከም ያዙ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አቋቋሙ። ከታከሙት አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። ከገጠር በልጅነቷ ተዳርሳ፣ በመጀመሪያ ወሊዷ ልጇን አጥታ፣ ራሷም ተጎድታ ነው የመጣችው። ፊደል አልቆጠረችም ነበር። እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍና ሐኪሞቹን መርዳት ጀመረች፤ እያየች፣ እየሠራች ተማረች፤ በመጨረሻም ራሷ ቀዶ ሕክምና የምታደርግ፣ ከውጭ ለሚመጡ ሐኪሞች ሳይቀር የምታሳይ ሆነች። የታመመችበትን ሕመም ነው ያከመችው። አዲስ የምትገባ ታማሚ ሽታዋን ፈርታ ከሰው ስትርቅ፣ ይህች ሴት ያንን ፍርሃት ከመጽሐፍ አልተማረችውም።

ይህን ታሪክ እንወደዋለን። ግን ስናነብበው ከመካከላችን አንዷ «ይሄም ደግሞ ፎቶ እንዳይሆንብን» አለች፤ ልክ ናት። ድካም ሁሉ መጨረሻው እንዲህ አያምርም። እዚያው ሆስፒታል ሙሉ በሙሉ ያልዳኑ፣ ከሕመማቸው ጋር መኖርን የተማሩ ሴቶችም አሉ፤ እግዚአብሔር ከእነሱ ጋር አይደለም ማለት ነውን? የማሚቱን ታሪክ የጠቀስነው መጨረሻው ስላማረ አይደለም። በታመመችበት ቦታ፣ በታመሙት መሐል ስለ ቀረች ነው።

አሁን ምን አደረግን ወደሚለው እንምጣ። ብዙ አይደለም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ቀርቷል። አንዲት አባል ሁለት ሳምንት ከቀረች ሁለት ሴቶች ቤቷ ይሄዳሉ፤ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፣ ቡናም ይሁን ስኳር ይዘው ይሄዳሉ፤ ስለ ቁጠባም በዚያ ቀን አያነሱም። ቅጣቱን በተመለከተ ግን ተጨቃጭቀናል። ገንዘብ ያዣችን «ቅጣቱ ከቀረ ቁጠባው ይፈርሳል፣ ቁጠባው ከፈረሰ ደግሞ ለተቸገረችው ከየት ታበድራላችሁ?» ብላ ተከራከረች። አንዳንዶቻችን ጨካኝ ናት ብለን ተቆጣናት። አሁን ስናስበው ትክክል ነበረች፤ ፍቅር ደብተሩን ከጣለው የሚጎዳው የደከመችውን ነው። ስለዚህ 5 ብሯ አለች። ሆኖም ቀድማ መጥታ «ዘንድሮ አልቻልኩም» ያለች አትቀጣም። ይህን ቃል መናገር ከ5 ብሩ በላይ እንደሚከብድ ያየነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁሉም አልሰመረም። ይህንን ያላግባብ የተጠቀሙ አሉ፤ ሳይቸግራቸው ቸግሮናል ያሉ። አንዲት ሴት ደግሞ ሁለት ጊዜ ሄደን በር አልከፈተችልንም፤ እስከ አሁን አልተመለሰችም። ምን እንደበደልናት አልነገረችንም። በጸሎታችን ስሟን እንጠራለን፣ በሯንም ደግመን እናንኳኳለን።

እህታችንስ? ከስብሰባ አትቀርም። ልጇ ገና አልዳነችም፤ አንዳንድ ቀን ይሻላታል፣ አንዳንድ ቀን ይብስባታል። ምጣዱ ተሠርቷል፤ እሷ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትጋግረው፣ በተረፉት ቀናት አሁንም ወደ ተራራው የምትወጣበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ በዋናው መንገድ መውረዷ ነው። ባለፈው እሑድ ከመካከላችን አንዷ አግኝታት ሸክሟን እስከ ቤቷ ድረስ ተቀበለቻት፤ በማግስቱ ወገቧን ይዛ ተኛች፣ ልምዱ ቀርቶባታላ።

እህታችንን እምነትሽን ያጸናልሽ ምንድን ነው ብለን ጠይቀናት ነበር፤ ለዚህ ንግግር እንዲሆነን ብለን። ትልቅ ነገር ጠብቀን ነበር። «ማታ ማታ ጸልዬ መጨረስ ያቅተኛል፤ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ መሐሉ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። የጀመርኩትን እሱ ይጨርሰው ብዬ እተኛለሁ» አለችን። ይህንን ሳናሳምር እንዳለችው ጽፈነዋል።

የሩቅ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። የላካችሁት ገንዘብ ምጣድ ገዝቷል፣ ሥራም ሠርቷል፤ እናመሰግናለን። ከምጣዶቹ ግን የተቃጠሉ አሉ። እስከ ዛሬ የላክንላችሁ ሪፖርት ውሸት አልነበረበትም፤ የተቃጠለውን ምጣድ ግን አላሳየናችሁም። እናንተ እንዳትቀሩብን ፈርተን ነው፤ እህታችን እኛን እንደፈራችው። ከእንግዲህ ሪፖርታችን ውስጥ ያልተሳካው የሚጻፍበት ገጽ ይኖራል። ስታነቡት ፊታችሁን አታዙሩብን።

ፎቶውን ከግድግዳው እናንሳው ብለን እህታችንን ጠይቀናት ነበር። «አታንሱት» አለች። «ያም እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ከልቤ ነበር የሳቅኩት። የተጻፈውን ብቻ ቅደዱት።» ቀደነዋል። ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ እስካሁን አልተስማማንምና ባዶ ነው።

ሻይ ቡናው ተዘጋጅቷል። የጥየቃ ተራ የሚያዝበት ደብተር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተመዝገቡ። የሐምሌና የነሐሴ ተራ እስካሁን ባዶ ነው፤ በክረምት ደግሞ ቅጠሉ እርጥብ ነው፣ ቤት የሚዘጋውም ያኔ ነው።